የቀይዋ መኪና ትኩሳት

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ገብቶ የወልዴን ጋራዥ የሚፈልግ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጆሮውን ማቅናት ይበቃዋል። ወልደጊዮርጊስ ሲሠራ ያወራል፣ ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ደግሞ ከጎረቤት ጀኔሬተር ጋር ይፎካከራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ጀኔሬተሩ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ድምፁ ነው እንጂ ልቡ የሕፃን ነው። ዛሬ ሰድቦ ካባረረው ደንበኛ ጋር ነገ ተቃቅፎ ሲስቅ ታገኙታላችሁ።

ሚስቱ ዘነበወርቅ ከጋራዡ ጎን ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባለመኪናው መኪናው እስኪሠራለት እሷ ጋ ገብቶ ጥብስ ያዛል። ሥራው ቶሎ ሊያልቅ ሲል በመስኮት ብቅ ትልና፣ «ወልዴ፣ ምን ያጣድፍሃል? ሰውየው ገና ሊደግም ነው እኮ!» ትለዋለች። እንዲህ እየተጋገዙ ነው ጁባ ላይ ኑሮ የያዙት።

ወልደጊዮርጊስ ጁባ የገባው የሱዳን ጦርነት አብቅቶ ሰላሙ በተፈረመ በዓመቱ ነበር። ያኔ ከተማው አቧራና ላንድክሩዘር ብቻ ነው፤ አቧራው ላንድክሩዘሩን ይጥለዋል፣ ላንድክሩዘሩ ወልዴን ይቀልበዋል። ሚስቱንና አንዲት ልጁን ሩቲን አዲስ አበባ ትቶ ሲወጣ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሎ ነበር። ያ ትንሽ ጊዜ እየተለጠጠ ሄደና፣ እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው እስኪከተሉት ድረስ ሩቲ አድጋ ከአባቷ ቁመት በልጣለች። አየር ማረፊያ ሲቀበላት «ደህና ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ፣ አባዬ» አለችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባባሉ ጠፋቸው። ከጀኔሬተር ጋር የሚፎካከረው አፍ ልጁ ፊት ሲሆን ይቆለፋል። ወልዴን ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ከጓዙ ጋር ቀይዋም መጣች። ቀይዋ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ የሚገለጥ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ዕድሜዋ ከሩቲ እጅግ የሚበልጥ። ወልዴ ድሮ ፒያሳ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላባት አግኝቷት፣ ዛሬ በሯን፣ ነገ ሞተሯን እያለ በገዛ እጁ ሰው ያደረጋት ናት። አሁን በጭነት መኪና ጀርባ ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ ካምፓላን አቋርጣ በኒሙሌ በኩል ጁባ ስትደርስ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሳቀባት። «ይቺን ጁባ ላይ ምን ልታደርግባት ነው? ጉድጓድ ልትቆጥርባት?» አሉት። ዘነበወርቅ አልሳቀችም። «ይህ ቦታ ጠረጴዛ ቢዘረጋበት ስንት ሰው ያበላል!» ብላ ፊቷን አጠቆረች። ወልዴ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሸራ አለበሳትና አስቀመጣት።

እዚህ ላይ የቀይዋን ዓመል ልንገራችሁ። የጭስ ማውጫ ቱቦዋ ከሞተሩ እንደወጣ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ታክኮ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለችው ጉብታ ሥር አልፎ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። ቱቦው ሲግል ካምቢዮው ይሞቃል፣ ካምቢዮው ሲሞቅ ጉብታዋ ትግላለች፣ ጉብታዋ ስትግል የተሳፋሪው እግር ይጠበሳል። ድሮ ሙቀቱን የሚከለክል ቆርቆሮ ነበራት፤ እሱ ዝጎ ወድቋል። ወልዴም ሌላ ሊሠራላት አልሞከረም። ለምን ይሠራል? አዲስ አበባ ነዋ! በሰኔ ዝናብ ሩቲ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የረጠበ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጉብታዋ ላይ ትዘረጋና ቤት እስክትደርስ ደርቆላት ታገኘዋለች። ወልዴም «የኔ መኪና ማሞቂያ አላት» እያለ ይኩራራ ነበር። ጁባ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ማሞቂያ አትፈልግም።

ደቡብ ሱዳን ለመገንጠል ድምፅ የምትሰጥበት ሪፈረንደም አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ሩቲ ታጨች። እጮኛዋ ዮፍታሄ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ለስለስ ያለ፣ «ጋሼ» ሳይል ቃል የማይወጣው ልጅ ነው። ሽማግሌ መጣ፣ እሺ ተባለ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ራት ላይ ስለ ሙሽሮቹ መኪና ወሬ ተነሣና ዘነበወርቅ ነጭ ላንድክሩዘር እንከራይ ስትል፣ ሩቲ ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ «እኔ በቀይዋ ነው የምሄደው» አለች።

ወልዴ ያነሣውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። ልጅቱ ጁባ ከመጣች ጀምሮ ከእሱ አንድ ነገር ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «እኔ ራሴ ነኝ የምነዳልሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ጀኔሬተሩን የሚያሸንፈው ድምፁ ተመለሰ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ዘነበወርቅ። «የሙሽራ አባት ሾፌር ሲሆን የት አይተሃል? ደግሞስ ወንበሩ ሁለት ነው። ሙሽራውን ኮፈኑ ላይ ልትጭነው ነው?»

ልክ ነበረች። ሙሽሪት ከቤቷ የምትወጣው ከሙሽራው ጋር ነው፤ አባት መርቆ ይሸኛል እንጂ መሪ አይጨብጥም። ወልዴ መሪውን ለዮፍታሄ ለመስጠት ተስማማ፤ እየመረረውም ቢሆን ዋጠው። ቢሆንም በማግስቱ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ፣ «ሩቲ በቀይዋ ካልሄደች እኔ ወልደጊዮርጊስ አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም። ጁባ ያለ ሐበሻ በሙሉ ሰምቶታል።

ለሙከራ መጀመሪያ የተሳፈረችው ዘነበወርቅ ናት። ከከተማው በሚያወጣው በረጃፍ መንገድ ወጡ። ስትሄድ ነፋሱ ጠጉሯን እያወዛወዘው ትስቅ ነበር፤ ስትመለስ አትስቅም። ልትወርድ እግሯን ብታነሣ የላስቲክ ጫማዋ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በባዶ እግሯ እየዘለለች ወደ ቤት ገባችና በበሩ ብቅ ብላ አዋጅ አወጀች፦ «ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ! ቬሎው ናይለን ነው። ያቺ የጋለች ጉብታ ላይ ያረፈ ዕለት ልጄ እንደ ሻማ ትነዳለች። ባዶ እግሬን አስቀምጬባት ካልቻልኩ በቀር ሩቲ በላንድክሩዘር ትሄዳለች። አበቃ!»

ወልዴ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው፣ ለማንም አትንገሩት እንጂ፣ የጅል ሥራ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ጉብታዋን አለበሳትና ላዩን ምንጣፍ መታበት። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ ስፖንጁ መጨስ ሲጀምር ሽታው ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ ያዘዘውን ሁሉ አስወጣ። ዘነበወርቅ ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም።

ቀጥሎ ቆርቆሮ ቆርጦ ከቱቦው ጋር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ቆርቆሮውም ቱቦውን ተደግፎ እኩል ጋለ። አንድ የነበረው እሳት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ወልዴ መኪናዋ ሥር እንደተኛ በጣሊያንኛ መሳደብ ሲጀምር ሩቲ መጥታ በሩን ከፍታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የምቀመጥባት እኔ ነኝ። እኔ ልንገርህ የቱ ጋ እንደሚያቃጥል።»

ሞተሩን አስነሡት። ሩቲ መዳፏን እያዘዋወረች ትነግረዋለች፣ እሱ ከሥር ሆኖ ይሰማል። «እዚህ ደህና ነው። እዚህ ለብ ይላል። እዚህ... እፍ! ይፋጃል። ግን አባዬ፣ እግሬን የሚያቃጥለኝ ጉብታዋ ብቻ አይደለችም። የማርሹ ዘንግ ሥር ያለው ጎማ ተቀዷል፤ ከዚያ ነው ትኩስ አየር የሚነፋው።»

ወልዴ ከሥር ወጥቶ ቀዳዳውን በጣቱ ዳበሰው። ስንት ዘመን ሲነዳት ያ ጎማ መቀደዱን ልብ አላለም ነበር። ለካ እሱ የሾፌሩ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ነፋሱ ወደ ተሳፋሪዋ ነበር የሚሄደው።

ይህ የየቀኑ ሥራቸው ሆነ። ፀሐይ በረድ ስትል ሩቲ ትመጣለች፣ ወልዴ ከሥር ይገባል፣ እሷ ከላይ «እዚህ ይፋጃል፣ እዚህ ቀንሷል» ትላለች። አንድ ቀን በመሐል፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «አባዬ፣ ስልክ ስትደውል ለምን ሁልጊዜ ስለ ትምህርት ብቻ ትጠይቀኝ ነበር?» አለችው።

ፊት ለፊት ብትጠይቀው ኖሮ ወይ ይቆጣ ነበር፣ ወይ ወሬ ይቀይር ነበር። አሁን ግን ፊቱ አይታይም፤ ከመኪናው ሥር የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። «ሌላ ምን እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር፣ ልጄ» አላት። «እንዳልሳሳት እፈራ ነበር።»

ሩቲ መዳፏን ፈቀቅ አድርጋ፣ «እዚህም ቀንሷል» አለች። ወልዴ እንባውን በዘይት እጁ ሲጠርግ ፊቱን አጠቆረው፤ ሲወጣ አይታው በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬያቸው እንደ ልብ ሆነ። ከሥርና ከላይ ሆነው ስለ ዮፍታሄ፣ ስለ ድሮ ጎረቤቶች፣ ስለ ዘነበወርቅ ቁጣ ሲያወሩ ይመሽባቸዋል። እንዲያውም ዘነበወርቅ በመስኮት እያየች፣ ሥራው እንዳያልቅ የሚያጓትቱት ይመስለኛል ማለት ጀምራ ነበር። አልተሳሳተችም።

የመፍትሔው ግማሽ የመጣው ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነው። እዚያ ጀኔሬተር የሚጠግነው ሺፋ ወዳጁ ነው። ጁባ ጀኔሬተር ያልተተከለበት ግቢ የለምና ሺፋ የጋለ ጭስ ማውጫ ግድግዳ እንዳያቃጥል የሚጠቀልልበት ነጭ ከመስታወት ክር የተሠራ ጥብጣብ አለው። «ጋሽ ወልዴ፣ ውሃ ውስጥ ነክረህ ጠበቅ አድርገህ ጠምጥመው። ስትጠመጥም ግን ጓንት አድርግ፤ ያሳክካል» አለው። ወልዴ ጓንት አላደረገም። ሲያሳክከው ሰነበተ።

ቱቦው እንደ ተሰበረ እግር ከላይ እስከ ታች በነጭ ተጠቀለለ። ቆርቆሮውም ተፈታና በቱቦውና በካምቢዮው መካከል፣ አንዱንም ሳይነካ፣ በሮንዴላ ቀለበቶች ከፍ ተደርጎ ታሰረ፤ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ። የማርሹ ጎማ ከጭነት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ካላማዳሪያ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። የካምቢዮው ዘይት ተቀየረ። የቀረው አንድ ከባድ ነገር ነበር። ከሞተሩ የሚነሣው ሙቀት መውጫ ሲያጣ ነው እየተገፋ ወደ ጉብታዋ የሚመጣው፤ ስለዚህ ወደ ላይ መውጫ ያስፈልገዋል። ወደ ላይ ማለት ደግሞ ኮፈኑን መቅደድ ማለት ነው። ወልዴ መቁረጫውን ይዞ ያንን ያሳመረውን ቀይ ኮፈን ሲያየው ቆየ። «በል፣ አባዬ» አለችው ሩቲ። ዓይኑን ጨፈነና፣ እሱስ ውሸት ነው፣ ዓይን ጨፍኖ አይቆረጥም፤ ብቻ ቆረጠው። ኮፈኑ ላይ ቀጫጭን የአየር መውጫዎች ወጡለት፣ ጠርዛቸውን አሸቶ ቀይ ቀባቸው፣ እንዲያውም አማረባት።

በዚያው ሰሞን ዮፍታሄ መንዳት ይለማመድ ነበር። ልጁ የለመደው ማርሿን ራሷ የምትቀይር መኪና ነው። ቀይዋ ደግሞ ካምቢዮዋ ሲሞቅ ሁለተኛው ማርሽ ይኮራል፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ባዶ ማድረግ፣ መልቀቅ፣ ነዳጅ ነካ ማድረግ፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት ይፈልጋል። ዮፍታሄ ሲሞክረው ካምቢዮው «ክርርር!» ሲል ወልዴ ጥርሱን የነቀሉት ያህል ይጨማደዳል። «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» ይለዋል፤ ልቡ ግን አያምንም። ሩቲም ትሞክራለች፤ ለእሷ ካምቢዮው ብዙም አይንጫረርም። በቀሚስ ስለምትነዳ ዘነበወርቅ ባየች ቁጥር ታማትባለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ረጃፍ መንገድ ላይ ወልዴ ቀይዋን አስጋልቦ መለሳት። ዘነበወርቅ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ጉብታዋ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። ወልዴም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እንደገና ጠበቀች፤ አንድ ነገር ብታገኝባት ደስ ይላት ነበር። በመጨረሻ እግሯን አነሣችና፣ «እ... ይሁን» አለች። ወልዴ የጮኸውን ጩኸት ከናይል ማዶ ሸሪካት ድረስ ሰምተነዋል ያሉ አሉ።

የሰርጉ ለት ቀይዋ ተወልውላ ከደጅ ቆመች። የዘነበወርቅ ጓደኛ እትዬ በዛብሽ፣ ሆቴል ያላት፣ የጁባ ሐበሻ ሰርግ ያለ እሷ እጅ የማያምር ሴት፣ አበባና ነጭ ሻሽ በኩንታል ይዛ መጣች። ሻሹን ኮፈኑ ላይ ዘረጋችው፣ ላዩን የላስቲክ አበባ በልብ ቅርጽ ደረደረችበት፣ ዳር ዳሩን በሪባን ጠፈረችው። ኮፈኑ ተሸፈነ። እነዚያ በስንት ስቃይ የተቀደዱት የአየር መውጫዎችም አብረው ተሸፈኑ። ይህንን ሁሉ ስታደርግ ወልዴ የት ነበር? አጠገቧ! አዲስ ክራቫቱ አንቆት፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ «አቤት ማማሯ! እትዬ በዛብሽ፣ እጅሽ ይባረክ!» ይላል። እንዲያውም ነፋስ እንዳይወስደው ብሎ በሽቦ ያሰረላት እሱ ነው።

ሌላም የረሳው ነገር ነበር። ቀይዋን የሞከራት ሁልጊዜ ነፋስ እየመታት ስትጋልብ ነው። የሐበሻ ሙሽራ መኪና ደግሞ መቼ ይጋልባል?

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ ግብዣው ቦታ፣ ወደ ሸሪካት አቀኑ። ከፊት ፒክአፕ ላይ ካሜራማኑ ሶሊ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። ከሱ ኋላ ቀይዋ ጣራዋ ተገልጦ፣ ዮፍታሄ መሪውን ጨብጦ፣ ሩቲ አጠገቡ። ከዚያ ወልዴና ዘነበወርቅ የተሳፈሩበት ነጭ ላንድክሩዘር፤ ከዚያ የቀረው አጀብ በሙሉ ክላክሱን እያንባረቀ። ወታደሮች በሚጠብቁት በናይል ድልድይ ላይ ካሜራ ማውጣት ስለማይፈቀድ ሶሊ ያለ የሌለውን ከድልድዩ በፊት ሊቀርጸው ፈልጓል። እጁን ያወዛውዛል፦ «ቀስ! ቀስ በሉ! ወደ ካሜራው ሳቁ!» አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞሩ። አላማረውም፤ እንደገና አዞራቸው። የቦዳ ሞተር ነጂዎች ሙሽሪትን በዓረብኛ «አሩስ! አሩስ!» እያሉ አጀቡ። አጀቡ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል።

መጀመሪያ ያየው ወልዴ ነው። ከቀይዋ በላይ ያለው አየር ሲንቀጠቀጥ አየ። ቀጥሎ ሩቲ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ጭኗ ላይ ስታወጣ አየ። አሁንም ለካሜራው ትስቃለች፤ ግን ቬሎውን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ትጎትታለች። «ቀይዋ ምን ሆነች?» አለ፤ «ምን ሆነች? ደህና ነበረች እኮ!» ዘነበወርቅም አይታ ነበር። ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ይህም ከቁጣዋ የባሰ አስፈራው።

ድልድዩ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው «ክርርር!» የሚል ድምፅ ተሰማና ቀይዋ ቆመች። ከኋላ አጀቡ፣ ከአጀቡ ኋላ ደግሞ ድልድዩን ሊሻገር የተሰለፈው የጁባ መኪና ሁሉ ቆመ። «ያላ! ያላ!» የሚል የጥድፊያ ጩኸት ተጀመረ። ዮፍታሄ ማርሹን ይገፋል፣ ካምቢዮው ይንጫረራል፣ ላቡ በነጭ ሱፉ ላይ ይወርዳል።

ወልዴ በሩን በርግዶ ወረደ። በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት፣ ሲሮጥ ዓይኑ ኮፈኑ ላይ ዐረፈና ባለበት ደርቆ ቀረ። አበባው! በገዛ እጁ በሽቦ የጠፈረው አበባ! «ኧረ እኔ ልሙት! ያፈናት አበባው ነው!» ብሎ ተወርውሮ መንጨት ጀመረ። እትዬ በዛብሽ ከኋላ መኪና ወርዳ «ምን ነካው ሰውየው? ጌጡን! ጌጤን!» ብላ ጮኸች። ማን ይሰማታል! ሪባኑን በጠሰው፣ ሻሹን ገፈፈው፣ ሽቦው እጁን ቧጨረው። ኮፈኑን ሲከፍተው ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ፊቱ ላይ ተነፈሰበት። ሁሉም ክላክሱን ትቶ ያየዋል። ሶሊ ብቻ ነው መቅረጹን ያላቆመው።

አየሩ ትንሽ በረድ ሲል ኮፈኑን ዘጋና፣ «ሞክር» አለ። ዮፍታሄ ሞከረ። ክርርር! እንደገና ሞከረ። ክርርር!

«ጋሽ ወልዴ፣ አንተው ንዳት!» አለ አንዱ ከአጀቡ። ሌላውም ተቀበለ። ዮፍታሄ ወረደና በጨዋነት በሩን ያዘለት፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንዷት። ልጅትዋ ፀሐይ ላይ ቆማ መቅረት የለባትም። እኔ ከእማማ ጋር ከኋላ እመጣለሁ።»

ወልዴ ገባ። ወንበሩ አወቀው፣ መሪው አወቀው። አጠገቡ ሩቲ አለች፣ በነጭ ልብስ፣ ላብ ብላ፣ ቆንጆ። የልቡን እውነት ልንገራችሁ፤ ደስ አለው። በጣም ደስ አለው። እሱና ልጁ ብቻ፣ ጣራዋ ተገልጦ፣ ናይልን ሲሻገሩ፤ ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ማርሹን ጨበጠ፤ ለሱ እንደሚገባለት ያውቃል።

ቀና ሲል በመስታወቱ ዮፍታሄን አየው። ሙሽራው መንገድ መሐል ብቻውን ቆሞ፣ ደረቱ ላይ ያለችውን አበባ ይነካካል። ወልዴ ወደ ሩቲ ዞረ። አባቷን አትከለክለውም። ከጠየቃትም እሺ ትለዋለች፤ ለዚህም ነው ያልጠየቃት።

ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ዞሮ መጣና የሷን በር ከፈተላት። «ተሻገሪ» አላት። «ወደ መሪው።»

«አባዬ?»

«አንቺ ታውቂበታለሽ። ልጄ፣ ባልሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ሙሽራ ትነዳለች? በቬሎ?» ብላ ዘነበወርቅ ከኋላ ስትጮህ፣ «ዝም በይ፣ ዘኑ!» አላት፤ በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ብሏት አያውቅም። ከገረማት የተነሣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዮፍታሄ ጉልበቱን አጥፎ በተሳፋሪው ወንበር ገባ። ወልዴ የቬሎውን ጫፍ ሰብስቦ ክንዱ ላይ አስታቀፈው፦ «አደራ፣ ጉብታዋን እንዳይነካ።» ሩቲ ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ኋላ ወረወረችና ፍሪሲዮኑን በባዶ እግሯ ረገጠች። ቀይዋ ተነቃነቀች፣ ተንቀሳቀሰች። ሶሊ ከፒክአፑ ላይ «ቀስ በሉ!» ሲል ሩቲ አለፈችው። እልልታው ቀለጠ፤ ከሁሉ አስቀድማ ያስነካችው እትዬ በዛብሽ ነበረች። ወታደሮቹም፣ ቦዳዎቹም ሳቁ። አጀቡ ክላክሱን እየነፋ ሙሽሪትን ተከትሎ ጎረፈ።

ወልዴ አበባና ሻሽ እንደታቀፈ መንገዱ ዳር ቀረ። ማንንም አያይም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቀይዋ ድልድዩ ላይ ወጥታ በነጩ ቬሎ ዓይን እየሳበች ሄደች። ዘነበወርቅ ከላንድክሩዘሩ ወርዳ መጥታ ስታየው ጉንጮቹ ርሰዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ በልጅህ ሰርግ ታለቅሳለህ?»

«ሰማሽው?» አላት።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን። ሳታንጫርር ነው እኮ ያስገባችው፣ ዘኑ! እኔ እንኳ እንደዚያ አላስገባውም።»

ዘነበወርቅ ስለ ማርሽ የምታውቀው ነገር የለም። አበባውን ከእቅፉ ተቀበለችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ከኋላቸው የላንድክሩዘሩ ሾፌር፣ ሰርጉ እንዳያመልጣቸው ፈርቶ፣ ክላክስ ነፋ።